የአርጃኖው ዶክተር፦ ዘግይቶ የመጣ ምስጋና

ይህን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም የማቀርበውን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ጥር ላይ ነው። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ይቅርታ።

የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ከደምቢያ ነጭ ሽንኩርትና ሽምብራ ጭኜ ጎንደር አራግፋለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከጎርጎራ ስመለስ መንገድ ዳር ልጆች ተሰብስበው ድንጋይ ሲወረውሩ አየሁ። እባብ መስሎኝ ላልፍ ነበር። "ጋሼ አቁም፣ አርጃኖ ነው!" ያለኝ ረዳቴ ነው።

አርጃኖ፣ ውሃ ዳር የሚኖረውን ትልቁን እንሽላሊት፣ አይቼ አውቃለሁ፤ የዚህን ያህል ግን አላየሁም። በኋላ ስንለካው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ከስድሳ ሆነ። ግራ የፊት እግሩ ላይ የናይለን መረብ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። መረብ ይዞት ቀዶ የወጣ ነው። መሮጥ አቅቶታል፣ አፉን ከፍቶ እፍፍ ይላል። ረዳቴን ባቱ ላይ በጅራቱ አንዴ አቀመሰው፤ ሰንበሩ ሳምንት ቆየ። በጋቢዬ ሸፍነን ማዳበሪያ ውስጥ ከተትነው። ለምን እንዳነሳሁት ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። መልስ የለኝም።

ከተማ እንደገባሁ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። የት እንደሆነ ይቅር። ማዳበሪያውን ሳልፈታ ሳቁብኝ። "ጣለውና እጅህን ታጠብ" ተባልኩ። በር ላይ የቆመ አንድ ባለጋሪ ሰምቶ ኖሮ "ቅዳሜ ገበያ ያለው ልጅ ጋ ውሰደው፤ አህያዬን ያዳነልኝ እሱ ነው" አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ዶክተሩ ልጄን የሚያክል ነው። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ። ሱቁ አንዲት ክፍል ናት፤ በግማሿ የከብት መድኃኒት፣ በግማሿ የዶሮ ዕቃ። ማዳበሪያውን ከፍቶ ሲያይ አልሳቀም። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አርጃኖ አክሜ አላውቅም። ዛሬ መረቡን ላውጣለት፤ ስለ ሌላው ማታ አነብና ነገ እንነጋገራለን" አለኝ። "አላውቅም" የሚል ሐኪም ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ያኔውኑ ልቤ አረፈ።

ከዚያ ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ሰቀለው። ባዶውን ማዳበሪያ ደግሞ ለብቻው መዝኖ ቀነሰ። ስድስት ኪሎ ከሩብ። ከብት ያላችሁ ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ቦታ በዓይን ግምት ነው የሚወጋው። በአፍንጫውና በጆሮው ዙሪያ መዥገር ተደርድሮ ነበር። ረዳቴ "ላም የምትወጋውን ውጋውና ይርገፍ" ሲለው "እሱ መድኃኒት ለኤሊ መርዝ ነው፤ አርጃኖ ላይ ሳላረጋግጥ አልሞክረውም" አለና በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመ። ቆጥሬያለሁ፤ 23 ናቸው።

በነጋታው እንዳለው አንብቦ ጠበቀኝ። መርፌው እንደ በሬ በየቀኑ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ሆነ፤ ሰውነቱ ቀርፋፋ ስለሆነ መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣለትም። የሚወጋውም በፊተኛው እግሩ በኩል ነው። የኋላው ደም በኩላሊት አድርጎ ስለሚመለስ መድኃኒቱ ኩላሊቱን እንዳይጎዳው ነው አለኝ። ሁለት ጣቶቹ ሞተው ነበር፤ አደንዝዞ ቆረጣቸው። እግሩ ግን ተረፈ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ነገረኝ። "ጋሼ፣ ይሄ የዱር እንስሳ ነው። የእርስዎም የእኔም አይደለም።" ያለፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እዚያው ቆሞ የሚመለከታቸው ሰዎች ጋ ደወለ። እስኪድን እኔ ጋ እንዲቆይ፣ ሲድን ወደ ወጣበት እንዲመለስ ተስማማን። ስምም እንዳታወጡለት አለ። ልጆቼ ግን ገና በሁለተኛው ቀን "ሻለቃ" ብለውት አደሩ። ባለቤቴ ደግሞ "ጉዲፈቻህ በላ ወይ?" ትለኛለች።

አይበላም ነበር። ትልቁ ችግር ብርድ ነው። ከጣና ዳር ጎንደር ማለት ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ዶክተሩ "መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይብላ፤ አርጃኖ ካልሞቀ የበላው ሆዱ ውስጥ ይበሰብስበታል" አለና ለዶሮ አርቢዎች የሚሸጠውን የጫጩት ማሞቂያ ቀይ አምፖል ሰጠኝ። በእህል ማስቀመጫ ክፍሌ አንድ ጥግ ብቻ ሰቀልነው፣ ሲሞቀው እንዲሸሽ። እንዳያቃጥለውም በሽቦ ወንፊት ከለልነው። መብራት ሲጠፋ ጀሪካን ሙሉ ሙቅ ውሃ በጋቢ ጠቅልዬ አጠገቡ አኖራለሁ። ጋቢዬ እንዳለቀ ቀረ። ረፋድ ላይ ደግሞ በሩን ዘግተን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃል።

እማማ ጎረቤታችን በአጥር አይተውት "አዞ አስገባብን!" ብለው ሰፈሩን ቀሰቀሱት። ጣና አዞ የለውም፣ አርጃኖ እንዲያውም የአዞ እንቁላል ቆፍሮ የሚበላ ነው ብል ማን ይስማኝ። ዶክተሩ ራሱ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አስረድቶ ሄደ። ንክሻው ክፉ እንደሆነ አልደበቀም። ልጆቹን እንዳትነኩት፣ ዕቃውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ ብሎ አስጠነቀቀ።

በዘጠነኛው ቀን እንቁላል አስቀመጥኩለት። ሹካ ምላሱን አወጣና ዳሰሰው። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ በአፉ ያዘው፣ ወደ ላይ ቀና አለ፣ ቀጭ! ከነቅርፊቱ ዋጠው። አገጩን በምላሱ ጠረገ። እኔ የማጨበጭብ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን አጨበጨብኩ። ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ላምጣለት ስል ዶክተሩ አይሆንም አለ። ሥጋ ብቻ የበላ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ዓሣውን ከነአጥንቱ፣ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ፣ አይጥም ከተያዘ ሙሉውን። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ፣ በየሁለት ቀኑ እንቁላል የምገዛው እኔ። ባለሱቁ ያየኝ የነበረውን አስተያየት አልረሳውም።

ውሃውን አላንሳው። በርሜል ለሁለት አስቆርጬ መዋኛ ሠራሁለት፤ የሚጸዳዳውም እዚያው ውስጥ ስለሆነ በየቀኑ መቀየር አለበት። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ጎረቤት ምን እንዳለ ተዉት።

የዶክተሩን ነገር አንድ ልጨምር። የከተራ ዕለት ቁስሉ የሚታጠብበት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ታቦት ለመሸኘት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጫለሁ። ነጭ በነጭ ለብሶ በሩን አንኳኳ። ነጠላውን ምስማር ላይ ሰቀለ፣ የባለቤቴን ሽርጥ ታጠቀ፣ ቁስሉን አጥቦ ጨረሰና እልልታው ወደሚሰማበት እየሮጠ ወረደ። ምሳ እንኳ አልቀመሰም።

ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው እሁድ በአይሱዙዬ ጎርጎራ ወሰድነው። መረብ ከማይጣልበት ከደንገሉ በኩል፣ ረፋዱ ሞቅ ካለ በኋላ ማዳበሪያውን ፈታን። ትንሽ ቆመ። ምላሱን አወጣ። በሦስት እግሩ ተራምዶ አራተኛውን ቀስ አድርጎ እያሳረፈ ሄደና ውሃው ውስጥ ሰጠመ። እስኪወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ አልታየንም። ዶክተሩ ስቆ "ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየት ይችላል፤ እንሂድ" አለ።

ያስከፈለኝ የመድኃኒትና የአምፖል ብቻ ነው። ለእጁ ስሰጠው "አርጃኖ ያስተማረኝ ይበቃል" አለ። ስሜን አትጻፉ ስላለኝ አልጻፍኩም። ግን አህያው ጀርባው የተላጠበት፣ ላሟ የታመመችበት፣ ዶሮ የሚያልቅበት፣ ውሻ የሚያስከትብ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ "የአርጃኖው ዶክተር" ብሎ ይጠይቅ። አሁን በዚህ ነው የሚታወቀው። እሁድ ዝግ ነው። ጠዋት ገበሬው ስለሚበዛ ከቀትር በኋላ ሂዱ።

አምፖሉ እኔ ጋ አለ፤ ደህና ይሠራል። ጫጩት የሚያሳድግ የሰፈር ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድ።