የቪትዝ የፊት መብራት ሶኬት ከ10 ወር በኋላ፦ ግራው እንዳለ ነው፣ የቀኙ መገጣጠሚያ ተበላሸ

ይሄን የምጽፈው ቪትዝ ለምትነዱ ነው። ሌላ መኪናም ቢሆን፣ ባለ ሦስት እግር ኤች 4 አምፖል የሚገባበት ከሆነ ይመለከታችኋል። ዕቃው ትንሽ ነው። ነጭ፣ ከሸክላ የተሠራ የአምፖል ሶኬት፣ ከኋላው ሦስት ሽቦ የወጣለት። መስከረም ላይ ሁለት ገዛሁ። አሁን ሐምሌ ነው።

የገዛሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። እናቴን ከቡሬ ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ እየመጣሁ ነበር። መሽቷል፣ ያካፋል። ማንኩሳን እንዳለፍን እናቴ «ልጄ፣ የሚቃጠል ላስቲክ ይሸተኛል» አለችኝ። የውጭ ጭስ መስሎኝ ዝም አልኩ። ትንሽ እንደሄድን የቀኙ መብራት ድርግም አለ። ቆሜ ኮፈኑን ከፍቼ በስልኬ መብራት ሳየው፣ የድሮው ፕላስቲክ ሶኬት ቀልጦ ከአምፖሉ እግር ጋር ተጣብቋል። ስስበው ግማሹ እጄ ላይ ተሰብሮ ቀረ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ በፊት «ይደምቃል» ብለውኝ ባለ 100 ዋት አምፖል አስገብቼ ነበር። መኪናው የተሠራው ግን ለ60/55 ነው (ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55)። 60 ዋቱ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። 100 ዋቱ ከ8 ይበልጣል። ፊውዙ ይሄን ላይቆርጠው ይችላል፣ ሶኬቱ ግን በየቀኑ ይጋላል። ሲግል ፒኑን ጨብጦ የያዘው ብረት ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ይብስ ይግላል። እንዲህ እያለ ነው የሚቀልጠው።

የቀኙን መንገድ ላይ ባገኘሁት ጋራዥ አሠራሁ። ልጁ ፈጣን ነው፣ 10 ደቂቃም አልፈጀበት። የድሮውን ሶኬት ቆረጠ፣ ሽቦዎቹን ከአዲሱ ጋር ጠመዘዘ፣ በናስትሮ ጠቀለለ። አምፖሉንም ወደ 60/55 መለስነው። መብራቱ በራ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

በሳምንቱ የግራውን ከፍቼ ሳየው እሱም ቡኒ መሆን ጀምሯል። መልቲሜትር ስለነበረኝ ለካሁት። ሞተሩ ተነስቶ አጭር መብራት በርቶ፣ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ አምፖሉ እግር ላይ 11.6። መሃል የጠፋው 2.3 ቮልት የትም አልሄደም፣ እዚያው ሽቦውና ሶኬቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ሲሰላ 10 ዋት ገደማ ነው።

የግራውን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ሠራሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። የትኛው ሽቦ በየትኛው ፒን እንደገባ ፎቶ አነሳሁ። ቀለሙን አትመኑ፣ የአዲሱ ሶኬት ሽቦ ቀለም ከመኪናው ጋር ላይገጥም ይችላል። ቦታውን ተከተሉ፣ አለዚያ አጭሩና ረጅሙ ይምታታባችኋል። ከዚያ አንድ ሽቦ ቆርጬ እሱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። ሦስቱን የቆረጥኩት አንዱን አጠር፣ አንዱን ረዘም እያደረግሁ ነው፣ መገጣጠሚያቸው ጎን ለጎን እንዳይውል። ሽሪንክ የሚሉትን፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ ቀድሜ ሽቦው ላይ አጠለቅሁ (ይሄን የረሳ እንደገና ይቆርጣል)። ሁለቱን ጫፍ በመዳብ ቱቦ ውስጥ አገናኝቼ በፒንሳ እስኪጠብቅ ጨመቅሁ፣ ጎትቼም ሞከርኩት። በመጨረሻ ሽሪንኩን በላይተር አሞቅሁት። ውስጡ ሙጫ ያለበትን ነው የገዛሁት፣ ሲሞቅ ሙጫው ከጫፉ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ውሃ እንደማያስገባ ታውቃላችሁ። ስለካው 13.4 ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ነዳሁ። ባሕር ዳር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃም ወርጃለሁ። አቧራውም፣ ጉድጓዱም፣ ሙቀቱም ደርሶታል። እስከ ግንቦት በግራና በቀኝ መካከል ልዩነት አላየሁም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ቀኙ መርገብገብ ጀመረ። ጉድጓድ ስገባ ይጠፋል፣ ስወጣ ይበራል። ከፈትኩት። ሶኬቱ ምንም አልሆነም፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ናስትሮው ግን ሙጫው ቀልጦ ተላቋል። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዱን ሽቦ ገና በጣቴ ስነካው ከሥሩ ተበጠሰ። የሚያብለጨልጭ መዳብ እስካገኝ ድረስ ወደ ኋላ ቆርጬ፣ ልክ እንደ ግራው አድርጌ መለስኩት። ያው የመጀመሪያው ሶኬት ነው፣ አዲስ አልገዛሁም።

ሶኬቱ የሚነቀፍበትም አለ። ሽቦው አጭር ነው፣ ከስንዝር አይበልጥም። ፒኖቹ በጣም ጠባብ ስለሆኑ አምፖሉ በግድ ነው የሚገባው፣ ሲወጣም ያስቸግራል፣ አጣማችሁ ከጎተታችሁት ደግሞ ሸክላው ሊሰበር ይችላል። ከድሮው ወፈር ስለሚል ከኋላ የሚሸፍነው ላስቲክ ለመግባት ያንገራግራል። ላስቲኩን ግን እንዳትተዉት፣ ክረምት ላይ ፋኖሱ ውስጥ ላብ ይይዛል። ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ላዩ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው፣ ተዉት። እኔ ሱቅ ውስጥ ሁለት መልሼ ነው ሦስተኛውን የወሰድኩት። ፒኑ ላይ ቫዝሊን የሚቀቡም አይቻለሁ፣ አምፖል አጠገብ ይቀልጣል፣ አትድከሙ።

ባለፈው ሳምንት ከደምበጫ ስመለስ መብራቱን ስላበራሁት፣ ቤት ደርሼ የግራና የቀኙን ሽቦዎች ከሶኬቱ ሥር በጣቴ ያዝኳቸው። ለብ ብለዋል እንጂ አይፋጁም። ቀኙን ለካሁት፣ 13.5።