በደብረ ብርሃን ለዊልቸርና ለራምፕ ሥራ የምንጠቁማችሁ በያጅ

ይህን የጻፍነው በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ የብየዳ ቤት ያላቸውን አባት በአደባባይ ለማመስገን ነው። በከተማችን ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ትራንስፖርትና መዝናኛ እንዲኖር የምንወተውት ሰዎች ነን። ደብዳቤያችን ምላሽ እስኪያገኝ ጊዜ ሲፈጅ፣ እሳቸው ብረት ቆርጠው መንገድ ከፍተውልናል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለፈለጉ ትተነዋል። «ዊልቸር የሚጠግኑት በያጅ ጋ» ብትሉ ግን የመናኸሪያው ባጃጅ ሹፌሮች ያደርሷችኋል።

ብዙ ቦታ ራምፕ (ዊልቸር ወደ መኪና ወይም ወደ በር የሚወጣበት ተዳፋት መሸጋገሪያ) ሥሩልን ሲባል ከፍታውን በዓይን ገምቶ፣ ላሜራ ቆርጦ መስጠት የተለመደ ነው። እሳቸው ግን ሜትር ከማውጣታቸው በፊት ይጠይቃሉ፦ ወንበሩ ስንት ጎማ አለው? ከኋላ የሚገፋ ሰው አለ? መኪናው ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው ለወግ አይደለም። ሁለት ትይዩ ሐዲድ ያለው ራምፕ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ሲመጣ የመሐሉ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ስለዚህ ሙሉ ወለል፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሠራሉ። ከዚያ ሰፋ ያለ ወንበር ካለ እሱን ለክተው ይጨምራሉ።

ተዳፋቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ለሕንፃ በር የሚታወቀው ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1.20 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የሚኒባስ የኋላ ወለል ግን እንደ መኪናው ከመሬት 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በዚያ ልክ ይሠራ ቢባል 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ብረት ተሸክሞ መዞር ሊመጣ ነው። የእሳቸው መላ ከመሐሉ የሚታጠፍ የ2.40 ሜትር ራምፕ ሠርቶ መኪናውን በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ማስጠጋት ነው። ጠርዙ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 55 የነበረው ከፍታ ወደ 35 ይወርዳል፤ ተዳፋቱም አንድ ለ7 ገደማ ይሆናል። ይህም ቢሆን ብቻውን ለሚዘውር ሰው ከባድ ነው፤ ከኋላ የሚደግፍ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሲወረድም ወንበሩ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ በጀርባው ይውረድ፣ ደጋፊውም ከታች ይሁን። ፊት ለፊት ከወረደ ተቀማጩ ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የኋላ መቀመጫው ለሚነሳ የኮንትራት መኪና መሆኑንም ሳይደብቁ ይናገራሉ።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቀን ላይ ምንም የማይለው ለስላሳ ላሜራ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያንሸራትታል። እሳቸው የቱቦላሬ ፍሬም ላይ ቀዳዳ ያለው የብረት መረብ ይበይዳሉ፤ ውርጩም ጭቃውም አይተኛበትም፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ግራና ቀኙ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ከላይ በኩል መኪናው ወለል ላይ የሚነክስ ማንጠልጠያ ከሁለት የብረት መቆለፊያ ጋር ይሠሩለታል፤ ያለ እሱ ወንበሩ ሲገፋ ራምፑ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በቡሎን ይታሰራል። እጃቸው ይባረክ!

ዊልቸር ጥገናቸውም እንዲሁ ነው። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ቀድመው የሚጎዱት የፊት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው፤ በድንጋዮቹ መሐል እየተሰነቀሩ መጀመሪያ ኩሽኔታው፣ ቀጥሎ ሹካው ይሄዳል። ትልቅና ሰፊ ጎማ መቀየር ይረዳል፤ ነገር ግን ጎማው ሲተልቅ የወንበሩ ፊት ከፍ ይላል፣ ሹካው የሚዞርበት ዘንግ ይጋደላል፣ ወንበሩም ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ የዘንጉን ማቀፊያ እንደ አዲስ ይበይዱና ቀጥ ማለቱን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ያረጋግጣሉ። ጎማው ሙሉ ዙር ሲዞር የእግር ማሳረፊያውን እንዳይነካም ሰው አስቀምጠው ያያሉ። የአሉሚኒየም ወንበር ሲመጣላቸው በተራ ኤሌክትሮድ እንደማይበየድ ነግረው፣ ገንዘብ ሳይቀበሉ ይመልሳሉ። እኛ ከሁሉ በላይ ያከበርናቸው በዚህ ነው።

ለመናኸሪያው ረዳቶችና ተራ አስከባሪዎችም ምስጋናችን ይድረስ። ወንበር ፖርቶመጋላ ላይ ሲወጣ ገመዱ በፍሬሙ እንጂ በጎማው ሽቦ እንዳይታሰር፣ የእግር ማሳረፊያው ተፈትቶ ተሳፋሪው ጋ እንዲቀመጥ እያደረጉ ነው። ትራሱ ግን አሁንም አንዳንዴ አብሮ ይወጣል። እባካችሁ ትራሱን ለባለቤቱ ስጡት። እግሩ የማይሰማው ሰው እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ጠንካራ መቀመጫ ላይ ከተጓዘ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ትራሱ ላይ ተቀምጦም በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ በእጁ ተደግፎ ከፍ ማለት አለበት።

እኚሁ ባለሙያ ተቀምጠው ለሚጫወቱት መረብ ኳስ ምሰሶ ሠርተዋል። ሜዳው 10 በ6 ሜትር ብቻ ነው፤ መረቡ ለወንዶች 1.15፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ላይ ይወጠራል። በአሮጌ ቸርኬ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው ምሰሶውን ስለተከሉት ሜዳ መቆፈር አላስፈለገም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ትራንስፖርትን በአንቀጽ 9፣ ስፖርትና መዝናኛን በአንቀጽ 30 ያስቀምጣል። ሁለቱ ግን ተነጣጥለው አይሠሩም፤ ተጫዋቹ ታክሲ ካልጫነው ሜዳው ባዶውን ይውላል። ስለዚህ መናኸሪያው ውስጥ አንድ የመጫኛ ቦታ ብቻ ከፍ ብሎ እንዲሠራ መጠየቃችንን አናቆምም።

ሥራ ልታዙ የምትሄዱ፣ ወንበሩን ከነተጠቃሚው ይዛችሁ ሂዱ። ለራምፕ ከሆነ መኪናው ባዶውን ቆሞ የወለሉን ከፍታ፣ የበሩን ስፋትና የወንበሩን ስፋት ከነእጅ መግፊያው ለክታችሁ ጻፉ። የብረቱንና የእጅ ዋጋውን ለይተው ይነግሯችኋል፤ ብረቱን ራሳችሁ ብትገዙም ቅር አይላቸውም። ከሸዋ ሮቢት የምትመጡ የግራር እሾህ ጉዳይ ስላለባችሁ ወፍራም ጎማ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ትርፍ ካላማዳሪያም ይዛችሁ ኑ።