ከአስፓልቱ እስከ በራችን፦ አምስት ሳምንት በአያት

«እህቴ፣ ደርሻለሁ፤ የት እንደ ደረስኩ ግን አላውቅም።»

አዲስ አበባ በገባን በማግሥቱ በስልኬ መተግበሪያ የጠራሁት ባለ ታክሲ ያለኝ ይህንን ነው። ካርታው መኪናውን ከበራችን ላይ አቁሞታል። እኔም በሩ ላይ ቆሜአለሁ። በመካከላችን ግን ከአንዲት ዶሮ በቀር ምንም የለም። ሰውየው ለካ ከጀርባችን ባለው መንገድ ገብቶ የሰው አጥር ገጥሞት ቆሟል። የግቢው ጥበቃ ስልኩን ከእጄ ተቀበለና፣ «ጎበዝ፣ ወደ አስፓልቱ ተመለስ። ወፍጮ ቤቱን አልፈህ ኮብልስቶኑን ግባ። ሰማያዊ በር ታያለህ፤ እሱ አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ነው» አለው። ከአራት ደቂቃ በኋላ መኪናው መጣ።

ከታኅሣሥ 10 እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በአዲስ አበባው አያት ሰፈር ቤት ተከራይተን ተቀምጠናል። በእነዚያ አምስት ሳምንታት የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ የለካሁት ከአስፓልቱ እስከ በራችን ባለችው ሦስት መቶ ሜትር ነው። እስከ አስፓልቱ ድረስ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ስልኩም፣ ባንኩም፣ ባቡሩም። ከዚያ ወዲያ ያለው በሌላ ሕግ የሚተዳደር አገር ነው።

አያትን የመረጥነው እናቴ እዚያ ስለምትኖር ነው። ለልጆቼ ይህ ትልቅ ቀልድ ሆኖ ከረመ፤ «አያታችን አያት ነው የምትኖረው» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። የእናቴ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ስድስት ሻንጣ ይዞ እዚያ መውጣት ስለማይታሰብ በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ ጂ ፕላስ ዋን ተከራየን። እኔ በ1996 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ ይህ ሰፈር ለእኛ ለመሀል ከተማ ልጆች ዘመድ ካልሞተ በቀር የማይኬድበት ሩቅ ቦታ ነበር። ስሙ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሲኤምሲ በዚያ ካምፕ ከነበረው የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስሙን እንደ ወረሰ ሁሉ፣ አያትም ስሙን ያገኘው ቪላዎቹን ከሠራው የቤት አልሚ ነው። አሁን በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ይገኛል፤ ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ሕንፃው ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ቤቱን ያገኘነው በደላላ ነው። ደላላው በስልክ «ጸጥ ያለ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ሰፈር» አለኝ። ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጸጥታ ሲባል እኔ ያሰብኩት የምኖርባትን የቶሮንቶን፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳን የማይሰማበትን ዝምታ ነበር። የአያት ጸጥታ ሌላ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ውሾቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ምክንያቱን ጥበቃውን ስጠይቀው፣ «ጅብ አልፎ ነው» አለኝ፣ አውቶቡስ አለፈ እንደሚባል አድርጎ። ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ በነፋስ ይመጣል። ሦስት ሰዓት ሲሆን «ልዋጭ! ልዋጭ!» የምትለው ሴት ሳፋዎቿን ተሸክማ ታልፋለች፤ ያረጀ ልብስ የሰጣት በሳፋ ትለውጠዋለች። ከእርሷ ኋላ «ቆራሊዮ!» ይከተላል። ታናሹ ልጄ ቆራሊዮ የሰውየው ስም መስሎት በሩን ከፍቶ «ደኅና አደርክ ቆራሊዮ!» ብሎታል። በእነዚህ ድምፆች መካከል ያለው ዝምታ ግን እውነተኛ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ውሾቹን መስማት አቆምኩ።

አከራያችን በዕድሜ የገፉ፣ ሂሳብ አዋቂ ሴት ናቸው። ውል ስንዋዋል ቢጫ ካርዴን፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩና «እንግዲህ ዜጋም አይደለሽ እንግዳም አይደለሽ» አሉኝ። የእኔን ሁኔታ ከዚህ የተሻለ የገለጸልኝ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ዕቃው የተሟላ ነው፤ ሰርቪሱ ውስጥ ለጥበቃው ክፍል አለው። «ውኃስ?» ብዬ ስጠይቅ «ሮቶ አለ» አሉ። እኔም ጥያቄዬ የተመለሰ መሰለኝ።

ሮቶ አለ ማለት ውኃ አለ ማለት እንዳልሆነ የገባኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ውኃው በፈረቃ የሚመጣ ነው፤ ለእኛ መንገድ በሳምንት ሁለት ሌሊት። ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል። አራት ሰው፣ ከእነዚህም ሁለቱ ሻወር ሥር ቆሞ መዘመር የለመዱ ልጆች፣ ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ እንዴት እንደሚጨርሱ ለማመን ይከብዳል። ያን ዕለት ጠዋት ቧንቧው ሳል አለና ዝም አለ። የአዲስ አበባን ሕዝብ ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ ለገዳዲ በዚሁ በእኛ አቅጣጫ፣ ከለገጣፎ ወዲያ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ንዴቴ ባሰ። ጎረቤቱ ነን፤ ጉርብትናው ግን በካርታ ላይ ብቻ ቀረ።

በስልክ የውኃ ቦቴ አዘዝኩ። ቦቴው በሰዓቱ መጣ፤ ይህን ለፍትሕ ሲባል ልናገር። ነገር ግን ያችን ሦስት መቶ ሜትር መግባት አልቻለም። ሦስት በር ወረድ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋውን ኮብልስቶኑ ላይ አፍስሶ መንገዱን ግማሽ አድርጎታል። ሹፌሩ ወርዶ አሸዋውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሰዓቱን አየ። «ቱቦዬ ሠላሳ ሜትር ነው፤ ከዚህ አይደርስም። የተመላለስኩበትን ይክፈሉኝና ልሂድ» አለ። እኔ ቦርሳዬን ስፈልግ ጥበቃው አካፋ ይዞ ወጣ። አንዲት ነጠላ ያጣፋች ጎረቤት በሯን ከፍታ «ምንድን ነው?» አለች፤ ተመልሳ ገብታ ልጇንና ሌላ አካፋ ይዛ መጣች። ከግንባታው ሁለት የቀን ሠራተኞች ተጨመሩ። የእኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአሻንጉሊት አካፋዋ ከአንድ ወገን ያዘች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሸዋው ወደ አጥሩ ጥግ ተገፋ፣ ቦቴው እየተንገዳገደ ገባ። ሹፌሩ ሮቶውን ሞልቶ ሲያበቃ ለጎረቤታችንም ሁለት ጀሪካን ቀዳላት፤ የማን ውኃ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የከፈልኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የሴትዮዋን ቡና ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠጥቻለሁ። የመንገዱ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የሌሊት ጥበቃ እንደሚቀጥሩ፣ ዕድሩ በወር አንድ እሑድ እንደሚሰበሰብ፣ አሸዋ የሚያፈሰው ሰውዬም ሁለት ጊዜ እንደ ተመከረ የነገረችኝ እሷ ናት። ደላላው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ወይም ዋጋ ሊያወጣለት አልቻለም።

የገንዘቡ ነገር ከበፊቱ ጉዞዬ ጋር ሲነጻጸር ቀለለኝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አልፎ ነበር። ቀድሞ እያንዳንዱ ዘመድ «እኔ የማውቀው ልጅ አለ» እያለ በሹክሹክታ ይመክረኝ ነበር። አሁን በባንኩና በጥቁር ገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ጨርሶ ባይጠፋም አስፓልቱ ላይ ያለ ባንክ ገብቼ፣ ወረፋ ይዤ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ወጣሁ። ቀሪውን ቴሌብር ሠራው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በስልክ እናቴን ለማስለመድ የደከምኩትን ድካም አስታውሳለሁ፤ ዘንድሮ አስተማሪዋ እሷ ሆናለች። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጉሊት የተቀመጠችው የሽንኩርት ነጋዴ ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ ከሚዛኑ ሥር አስቀምጣለች። ከቆርፋዳ ብር ይልቅ ይህን ትመርጣለች።

ለመጓጓዣ መጨረሻ ላይ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ካርታውን ትተን በስልክ ጥሪ መጠቀም ጀመርን። እናቴ በራይድ አጭር ቁጥር 8294 ትደውላለች፤ ስልኳ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ቦታውን የምትናገረው በወፍጮ ቤቱ ነው፤ ሹፌሩም የሚመጣው በወፍጮ ቤቱ ነው። ከእርሷ ጋር ስንሄድ አንድም ሰው አልጠፋም። ከመገናኛ ስንመለስ አንዳንድ ጊዜ በሚኒባስ እንመጣ ነበር፤ ልጆቹ የረዳቱን «አያት! አያት!» ጥሪ አያታቸውን የሚጣራ አድርገው ወስደውታል።

ባቡሩን የተሳፈርነው እሑድ ዕለት ለሽርሽር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር የምሥራቅ ጫፉ እዚሁ አያት ነው፤ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ድረስ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከመነሻው ስለምንገባ መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ባቡሩ ከፍ ባለው ድልድይ ላይ ሲሄድ የሰዎች ሰገነት፣ የተሰጣ በርበሬ፣ የልብስ ገመድ ከእኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ያልፋል። ከተማውን በዚህ ገንዘብ የሚያሳይ ሌላ አስጎብኚ አላገኘሁም። በሥራ መግቢያ ሰዓት አልሞከርኩትም፤ የሞከሩት ዘመዶቼም አልመከሩኝም።

ታናሹ ጆሮውን ባመመው ጊዜ አስፓልቱ ላይ ካለ አነስተኛ ክሊኒክ ወሰድኩት። ካርድ አወጣን፣ ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ መረመረችው፤ የላቦራቶሪው ውጤት ቤት ከመድረሳችን በፊት በቴሌግራም መጣልኝ። እኔ በምኖርበት አገር ለዚህ ስንት ሰዓት በመጠበቂያ ክፍል እንደምቀመጥ ለሐኪሟ ብነግራት አላመነችኝም። የታዘዘውን ሽሮፕ ግን ያገኘሁት በሦስተኛው ፋርማሲ ነው። መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱ አጭር ነበሩ፣ ሦስተኛው በገና ዋዜማ ነበር። ዶሮው ደግነቱ በከሰል ላይ ነበር።

ለልጆች ያለውን ነገር ብዬ ብዙ ጠይቄ ነበር። በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ መጫወቻ ሄድን፤ ሙዚቃው ጆሮ የሚበጥስ፣ ልጆቹም አንድ ሰዓት ሳይሞላቸው የሰለቹበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለምንም ክፍያ መንገዱ ራሱ ወሰዳቸው። የመንገዱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለት ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ግብ ይሠራሉ፤ መኪና ሲመጣ አንዱ «መኪና!» ብሎ ይጮሃል፣ ሁሉም አጥር ተጠግተው ያሳልፋሉ፣ ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሴት ልጄ ሰኞ ማክሰኞ ተማረች፤ በጠመኔ የተሠመረው ሰሌዳ ኮብልስቶኑ ላይ ስለሚጣመም ዳኝነቱ ከጨዋታው ይረዝማል። ስታኮርፍ ወደ ቤት ትገባለች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሩ ይንኳኳል፤ «ትወጣለች?» ይላል አንድ ቀጭን ድምፅ። ቶሮንቶ ውስጥ ልጆቼ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱት እኛ ወላጆች በመልእክት ቀን ቆርጠን ነው።

ቅር ያለኝንም ልተወው አልችልም። የሰፈሩ አጥሮች እኔ ከማስታውሰው በእጥፍ ረዝመዋል፤ ከላያቸው ሽቦ ተጠምጥሟል፤ በአንዳንድ መንገዶች ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑን የሚናገረው የበር መጥሪያው ብቻ ነው። ከእኛ መንገድ ሁለት መንገድ ወዲያ ባለው ላይ ስሄድ ማንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ተመሳሳይ ቪላ፣ ተመሳሳይ ኪራይ፣ ምናልባትም ተመሳሳይ ደላላ። ልጆች ግን መንገድ ላይ አላየሁም። እዚያ ተከራይቼ ቢሆን ኖሮ የውኃ ቦቴው ገንዘቡን ተቀብሎ ይመለስ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ቤት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከመዋዋላችሁ በፊት ከቀኑ አሥር ተኩል ላይ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ኳስ ካጋጠማችሁ ተከራዩ።

በመጨረሻው ቀን አከራያችን ለተቀማጩ ገንዘብ ሂሳብ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት፣ አንድ የተሰበረ ሲኒና የላላ የመጋረጃ ዘንግ በደብተር ጻፉ፤ ሁሉንም ቀነሱ፤ ሲኒውን ሳይቀር። እኔም ስለ ቦቴው አነሣሁ። «ሮቶ አለ እንጂ ውኃ አለ አላልኩሽም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቀሪውን ሳንቲም ሳያጎድሉ እዚያው ቆመው በቴሌብር ላኩልኝ። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄደው በላስቲክ የተጠቀለለ አራት ኪሎ በርበሬ አመጡ። «ይህ በሂሳብ የለም፤ ለልጆቹ ነው» አሉ። ልጆቹ በርበሬ አይበሉም። አየር ማረፊያው ላይ አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አለፈ፤ ተከፍቶ ሲፈተሽ የሚወጣ ነገር ጠፋ፤ በመጨረሻ የልጄ የክረምት ቦት ጫማ ወጣና ሊሸኙን ከመጡት አያቷ እጅ ገባ።