ኤሌክትሪክ፣ ሃይብሪድ ወይስ ቤንዚን? በደሴና በኮምቦልቻ ዳገት የተመዘነ ንጽጽር

መኪና ሻጭ የሚነግረን የፍጆታ ቁጥር ሜዳ መንገድን ታሳቢ አድርጎ የተለካ ነው። የእኛ መንገድ ግን ሜዳ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ መኪናው 600 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ወይም ቁልቁል መውረድ አለበት። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች የሚኖር ገዢ ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ መኪና ዳገቱን ለመውጣት ያወጣውን ኃይል ቁልቁለቱ ላይ ምን ያደርገዋል? ሦስቱን የመኪና ዓይነቶች፣ ቤንዚኑን፣ በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ኤሌክትሪክና ሁለቱን ያጣመረውን ሃይብሪድ፣ እዚህ ላይ የሚለያቸውን ያህል ሌላ ቦታ የሚለያቸው ነገር የለም።

ቤንዚን በሊትር፣ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት ስለሚለካ ብዙ ሰው ማወዳደሩን ገና ከጅምሩ ይተወዋል። መተው የለበትም። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ የያዘው ኃይል 8.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህን አንድ ቁጥር ከያዝን ሦስቱም በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። በአሜሪካ መንግሥት የፍጆታ ልኬት መሠረት ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልጋቸው ይህን ይመስላል፦

ቤንዚን፣ ቶዮታ ኮሮላ፦ ወደ 7 ሊትር፣ ይኸውም 62 ኪሎዋት ሰዓት።
ሃይብሪድ፣ ኮሮላ ሃይብሪድ፦ 4.7 ሊትር ገደማ፣ ይኸውም 42 ኪሎዋት ሰዓት።
ኤሌክትሪክ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4፦ ከ19 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ጭምር ተደምሮ።

አይዲ 4 ከኮሮላ በቁመትም በክብደትም የሚበልጥ መኪና መሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲያም ሆኖ የሚፈጀው የኮሮላን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ ሞተሩ ውስጥ አለ። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ወደ ጎማ የሚደርሰው ከ16 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሃይብሪድ ይህን ከ24 እስከ 38 በመቶ ያደርሰዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ፍሬን ሲያዝ መልሶ የሚያጠራቅመው ተጨምሮ ከ87 እስከ 91 በመቶ የሚሆነውን ለጉዞው ያውለዋል።

«ኤሌክትሪኩስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጩ አገሮች ከከሰሉ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና ጣቢያው ውስጥ ይባክናል። በእኛ አገር የሚመነጨው ግን በአብዛኛው ከውኃ፣ ቀሪው ደግሞ በዋናነት ከነፋስ ስለሆነ ይህ ብክነት የለብንም። በአንጻሩ ቤንዚኑ ከውጭ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በቦቴ በረሃ አቋርጦ ነው ማደያው የሚደርሰው። ቦቴው በመንገድ የሚያቃጥለው ናፍታ ከላይ ባስቀመጥኩት ስሌት ውስጥ እንኳ አልተካተተም።

ሐረጎ ላይ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወዳለው የሐረጎ ዳገት እንምጣ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ የስበት ሕግ ስለሆነ የሞተሩ ዓይነት አይለውጠውም። የሚለያዩት ይህን 2.5 ለማግኘት ስንት እንደሚከፍሉ ነው። የቤንዚን መኪና ከሚያቃጥለው ሩቡን ብቻ ስለሚጠቀም ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ያህል ቤንዚን ይጨርሳል፤ 25ቱን ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚያስፈልገው ለብቻው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው ከፍታ ከባትሪው ሦስት ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አያወጣም።

ዋናው ልዩነት ግን ሲመለሱ ነው። የቤንዚን መኪና ሐረጎን ሲወርድ ከዚያ የከፍታ ኃይል ከጉዞው የተረፈው የፍሬን ሸራና የፍሬን ዲስክ ማጋያ ሆኖ ያልቃል። ሽታውን የማያውቅ የመንገዱ ተጓዥ የለም። በኤሌክትሪክ መኪና ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ ጀኔሬተር ይሆናል፤ መኪናውን ይይዘዋል፣ የያዘበትን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጠመዝማዛው ላይ ዳሽቦርዱን ያየ ሰው መቁጠሪያው ከዜሮ በታች ወርዶ ይታየዋል፤ የባትሪው መጠን በመቀነስ ፈንታ ባለበት ይቆማል፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት በመቶ ይጨምራል። በእርጋታ የተነዳ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባትሪው ከደሴ ሲነሳ ከነበረበት ብዙም አይጎድልም። ፍሬኑም አይግልም፤ ለዚህ መንገድ ይህ ከቁጠባው የማይተናነስ ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ደሴ የሚኖር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ ጠዋት በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርድ መኪናው እንደወትሮው አይያዝለትም፤ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሊወርድ ነው። ስለዚህ ለመውረድ በሚነሱበት ቀን ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ያላቸው እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያሉ መኪኖች በየጊዜው እስከ መቶ መሞላት ይፈልጋሉ፤ ያንን ከተማ ውስጥ በሚውሉበት ቀን ያድርጉት። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ይህ አያሳስበውም፤ ሞልቶ የሚነሳው ወደ ዳገቱ ነው።

የቤንዚን መኪና ለያዙም አንድ ቃል ልጨምር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው ሐረጎን የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተሰጠው ቤንዚኑን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን እንዳይጠፋ ሲል ቤንዚን ያቃጥላል። ይህ ልማድ የሚቆጥበው ነገር የለም፤ ሕይወትን ግን አደጋ ላይ ይጥላል።

ሃይብሪዱስ?

ሃይብሪድ ጥሩ መኪና ነው፤ ፒያሳን ወይም ሰኞ ገበያን በባጃጆች መሐል እየቆመ እየተነሳ ለሚውል ሰው ከቤንዚን መኪና ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። በቆመ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጥቂት ኃይል ያጠራቅማል፣ ሲነሳም በእሱ ይነሳል። በሐረጎ ላይ ግን ባትሪው ያንስበታል። የቆዩት የቶዮታ ፕሪየስ ሃይብሪዶች ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን መኪናው ዕድሜውን ለመጠበቅ ሲል የሚጠቀመው ከግማሹ በታች የሆነውን ነው። ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የቤንዚን ሞተሩ ድንገት ሲጮህ ይሰማል፤ ብልሽት አይደለም፣ መኪናውን በሞተሩ እየያዘ ነው። «ቢ» የሚለው ማርሽም የተሠራው ለዚሁ ነው። በዳገቱም እንዲሁ፦ ባትሪው እስካለ ድረስ ያግዛል፣ ረጅሙ አቀበት ሲያሟጥጠው ሁሉም ሸክም በትንሿ የቤንዚን ሞተር ላይ ይወድቃል።

ያቺ ሞተር ደግሞ በደሴ አየር ሙሉ ጉልበቷን አታገኝም። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት የቪትዝ ሞተር እኛ ዘንድ ከ52 ብዙ አትበልጥም። ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነሱ ሞተሩን የሚያስጮሁት ለዚህ ነው፤ በዚያ ሁኔታ የሚጠጣው ቤንዚን በወረቀት ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ደሴም ኮምቦልቻም ለእሱ አንድ ናቸው።

የባትሪ መኪና የሚፈተነው ቤት ውስጥ ነው

ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ ደርሶ የሚመለስ ሰው 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በቀን ይበቃዋል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሁለት ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ይህን በአምስት ሰዓት ይሞላዋል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይስባል፤ ልዩነቱ ምጣዱ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ፣ ቻርጀሩ ግን ለሰዓታት መሆኑ ነው። ሶኬቱ፣ ገመዱና ብሬከሩ ለዚህ የተዘጋጁ መሆን አለባቸው፤ የምድር ገመድ ሳይኖር አይሞከርም። በቀጭን ኤክስቴንሽን ከሳሎን እስከ ግቢ በር መሳብ እሳት መጋበዝ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቻርጅ አለማድረግም ለብሬከሩ ይበጃል።

የተከራየ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመኪናው ፍጆታ የመላውን ግቢ ሒሳብ ከፍ ያደርገዋል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውም የሚጨምርበት ነውና። ከአከራይ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ለብቻው የሚለካ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከብዙ ቅያሜ ያድናል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው፣ ግቢ የሌለውም ሰው፣ ለጊዜው ሃይብሪድ ቢይዝ ይሻለዋል እላለሁ። መብራት መጥፋቱስ? ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት የሲጋልን ትልቁን፣ የ38.88 ኪሎዋት ሰዓቱን ባትሪ 15 በመቶ ገደማ ነው የሚወስደው። ባትሪውን ሁልጊዜ ከ40 በመቶ በታች የማያወርድ ሰው አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋበት ሥራው አይቋረጥም። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ላወቀ ይህ ትልቅ ፈተና አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ግን ቆም ብሎ ያስብ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የሲጋል አምራች 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢልም ያ ቁጥር በቻይና ልኬት የተሰጠ ስለሆነ በእኛ መንገድ አይደረስበትም፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው ከ1,800 ሜትር በላይ የሆነ አቀበት ብቻውን ከባትሪው አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። እንደ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ያሉ የ71.4 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላቸውም ቢሆኑ መሐል ላይ የሚሞሉበትን ቦታ አረጋግጠው ነው መነሳት ያለባቸው። ይህን መንገድ በየሳምንቱ ለሚሄድ ሰው ሃይብሪድ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ቀላል ስሌት አለ። የነዳጅም የመብራትም ዋጋ ስለሚቀያየር የራስዎን ደረሰኞች ያውጡ። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲሶ በታች እስከሆነ ድረስ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና በርካሽ ይሄዳል፤ ከአንድ አምስተኛ በታች ከሆነ ሃይብሪድንም ይበልጣል። ቤት ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው በእኛ አገር ልዩነቱ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ውጭ በክፍያ ሲሞሉም ይኸው ስሌት ይሠራል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ገበያ ላይ ያሉት የቤንዚንና የሃይብሪድ መኪኖች በአብዛኛው የተነዱ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አልረከሰም። በተለይ አሮጌ ሃይብሪድ ሲገዙ ሞተሩን ብቻ አይመርምሩ። ፕሪየስ ከሆነ ከኋላ መቀመጫው ጎን ያለችውን የባትሪ አየር ማስገቢያ ይዩ፤ በአቧራ ተደፍና ከሆነ ባትሪው ሲግል ኖሯል። ኮምፒውተር ያለው መካኒክ የባትሪውን ጤንነት ክፍል በክፍል እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ የተነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙም ይህን አይለፉ። ከዚያ አራት ሰው ሆናችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ፣ መልሳችሁም ውረዱ። ሃይብሪዱ ገና ዳገቱ ሲጀምር ባትሪው ባዶ ከሆነ፣ መውረድ እንደጀመረም ወዲያው ሞላሁ ካለ፣ ባትሪው ደክሟል። ሻጩ ሐረጎን አልወጣም ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።