ፎቅ የማይወርድ ማንቂያ

ይህችን የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ከያዝኳት ስምንት ወሬ። ቁጥሯ ልክ ነው፣ ባትሪ አትበላም። ከነሐሴ ወዲህ ግን ስሟ ሲነሳ አንጀቴ እርር ይላል።

ፒያሳ ባለአራት ፎቅ ጣሪያ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ግሪንሃውስ አለችኝ፤ አርባ እግር ቲማቲም። መለኪያዋን የገዛሁት ምችን ቀድሜ ላውቅባት ነው። ዳማከሴ የሚፈታውን ምች አይደለም፤ ድንችና ቲማቲም የሚያነደውን። ይሄ በሽታ ቅጠል ላይ ሲታይ ከገባ ቀናት አልፈውታል። ስለዚህ የሚጠበቀው አየሩ ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2017 ለድንች ያወጡት መመዘኛ አለ፦ ሁለት ቀን በተከታታይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ካልወረደ፣ እርጥበቱም በየቀኑ ቢያንስ 6 ሰዓት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምች ደጅ ላይ ነው። ነሐሴ፣ ያውም ፕላስቲክ ውስጥ፣ ሌላ ምን አለ?

ማንቂያዋ ግን በብሉቱዝ ነው። እኔ የምተኛው ምድር ላይ። ሻጩ «መቶ ሜትር ይደርሳል» ብሎኝ ነበር። ይደርሳል፣ ጃንሜዳ መሃል ከቆምክ!

ጉንፋን ጥሎኝ አምስት ቀን ጣሪያ አልወጣሁም። ስልኬ ጭጭ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስወጣ ፕላስቲኩ ጠብ ጠብ ይላል። የታችኛውን ቅጠል ገለበጥኩት። ቡናማ ጠባሳ፣ ዳር ዳሩን እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ነገር። ይሄኔ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንጫጫ። የአምስቱን ሌሊት ጉድ ባንዴ ዘረገፈችልኝ፦ 94፣ 96፣ 97። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ሃያ ዘጠኙን እግር ነቅዬ በማዳበሪያ አስሬ አወረድኩ።

«ዋይፋይ ያለውን ለምን አልገዛህም?» ትለኝ ይሆናል፣ አንተ ሻጩ። ወንድሜ፣ ጣሪያ ላይ ነው ስልህ አንገትህን የነቀነቅከው ማን ሆነህ ነው? እዚያው ግሪንሃውሱ ሥር የሚተኛ ሰው ይግዛት። እኔ ብሬን ብትመልስልኝ ዛሬውኑ አመጣልሃለሁ።

እስከዚያው ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኬን አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ጋ አስቀምጫለሁ። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ ዕቃህ እንቅልፍ ነሳኝ። ውጣና ፕላስቲክህን ክፈት።»

ወጣሁ። 91።