«ዓለም አቀፍ የሞተር መንጃ ፈቃድ» ብለው የሚሸጡትን ካርድ አትግዙ

ዱባይ ወይም አውሮፓ ገብቶ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ለመሥራት ያሰበ የጎጃም ልጅ ሁሉ ይህችን ሳያነብ ብር እንዳይከፍል። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ቡሬም ሁኑ ሞጣ፣ «ሳትፈተን፣ በሳምንት ውስጥ፣ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል፣ በየትኛውም አገር የምትነዳበት ዓለም አቀፍ የሞተር መንጃ ፈቃድ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ አሰናብቱት። እንዲህ ያለ መንጃ ፈቃድ በምድር ላይ የለም። «እውነተኛው አለ፣ ይሄኛው ፎርጅድ ነው» የሚባል ነገር እንኳ አይደለም፤ እውነተኛውም የለም። በሬ ተሽጦ፣ የጤፍ ብር ተጠራቅሞ የሚገዛው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

ዓለም አቀፍ ፈቃድ ተብሎ በሕግ የሚታወቀው ነገር የትርጉም ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄኔቫ ላይ፣ በ1968 ደግሞ ቪየና ላይ በተደረጉ የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች የተደነገገ ሲሆን፣ ሥራው የአገር ቤት መንጃ ፈቃዳችሁን ለውጭ ፖሊስ በሚገባው ቋንቋ ማስነበብ ብቻ ነው። ዋናው መንጃ ፈቃድ አብሮ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በ1949ኙ ስምምነት የሚሰጠው አንድ ዓመት ያገለግላል፤ በ1968ቱ የሚሰጠው ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ ያውም የአገር ቤቱ ቀድሞ ካላበቃ። ስለዚህ «አሥር ዓመት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ጉዳዩ እዚያው ላይ አለቀ።

ሌላም መለያ አለው። እውነተኛው ግራጫ ሽፋን ያለው፣ ኪስ የሚገባ የወረቀት ደብተር ነው እንጂ የሚያብለጨልጭ ማኅተምና የሉል ሥዕል ያለበት ካርድ አይደለም። ውስጡ የተሽከርካሪ ምድቦች ተዘርዝረው፣ ከተፈቀደላችሁ ምድብ አጠገብ ማኅተም ይመታል። የሞተር ምድብ «ኤ» ነው። ይህ ማኅተም የሚመታው ደግሞ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የሞተር ሳይክል ምድብ ካለ ብቻ ነው። የአውቶሞቢል ፈቃድ ይዞ «ሞተርም ጨምርልኝ» ማለት አይሠራም። ደብተሩን የሚሰጠውም የነዋሪነት አገራችሁ መንግሥት ወይም መንግሥት የወከለው ማኅበር ነው። ፓስፖርታችሁን በስልክ አንስታችሁ የምትልኩለት ድረ ገጽ ይህ ሥልጣን የለውም፤ የፓስፖርታችሁ ምስል ግን እጁ ላይ ይቀራል።

የአገር ቤቱ ላይም ያው ደላላ ሁለተኛ ወጥመድ አለው፤ የማሠልጠኛ ተቋም ምስክር ወረቀት እያሳየ «መንጃ ፈቃድ ይኸው» ይላል። ምስክር ወረቀቱ ለፈተና ያበቃል እንጂ አያስነዳም። የዓይንና የጤና ምርመራ፣ ሥልጠና፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተና፣ ከዚያ በኋላ ነው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ካርዱን የሚሰጠው። የካርዱ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ትርጉሙ ላይ መቀየሩን አረጋግጡ። በ2018 ያበቃል የሚለውን ካርድ የውጭ ፖሊስ ካለፈ ዘመናት የሆነ አድርጎ ነው የሚያነበው።

አሁን ወደየአገሩ እንሂድ፤ ደላላው የማይነግራችሁ እዚህ ላይ ነው።

ዱባይና ሌሎቹ ኤሚሬቶች፦ የጎብኚ ቪዛ ይዛችሁ የሞተር መንጃ ፈቃድ ማውጣት አትችሉም፤ መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ በትርጉም ደብተር መንዳት ያበቃል፤ እዚያው ሠልጥናችሁ ትፈተናላችሁ። ፈቃዳቸውን ያለ ፈተና የሚቀይሩት አገራቸው ኤሚሬቶች ባወጡት ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰዎች ናቸው፤ የእኛ የለበትም። ስለዚህ ቀጣሪ ነኝ ባዩን የሥልጠናውንና የፈተናውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ከወደቃችሁስ የድጋሚውን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር አድርጉት። በቃል የተነገረ አይያዝም።

አውሮፓ ኅብረት፦ ፈቃዱ በሞተሩ ጉልበት ይከፋፈላል። ኤ1 ከ16 ዓመት ጀምሮ እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎዋት፤ ኤ2 ከ18 ዓመት ጀምሮ እስከ 35 ኪሎዋት፤ ገደብ የሌለው ኤ ደግሞ ኤ2 ላይ ሁለት ዓመት ለቆየ በ20፣ በቀጥታ ለሚመጣ በ24 ዓመት። አንዳንድ አገሮች ዕድሜውን ከዚህም ከፍ ያደርጉታል። እዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ እንደ ቀላል የምናየው ቦክሰር 150 የሚባለው ሞተር እንኳ ከኤ1 በላይ ነው። ጀርመን የገባ ሰው በኢትዮጵያ ፈቃዱ መንዳት የሚችለው ነዋሪ ከሆነ በኋላ ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ።

እንግሊዝ ላይ ሲቢቲ የሚባለውን የአንድ ቀን ሥልጠና «ፈቃድ» ብለው ይሸጣሉ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ነገር ግን የለማጅ ምልክት ለጥፎ እስከ 125 ሲሲ ለመንዳት ነው፤ ሰው መጫን የለም፣ ፈጣን መንገድ መግባትም የለም። ሙሉው ፈቃድ የሚመጣው ከጽሑፍ ፈተና ቀጥሎ ሁለት የተግባር ፈተናዎች ሲታለፉ ነው። ደቡብ አፍሪካ ቀለል ይላል፤ ኤ1 እስከ 125 ሲሲ ከ16 ዓመት፣ ኤ ከዚያ በላይ ከ18 ዓመት። ካናዳ ኦንታሪዮ ላይ የመጀመሪያው ፈቃድ ኤም1 90 ቀን ብቻ ይቆያል፤ በዚያ ውስጥ የመንገድ ፈተና ካላለፋችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ለደላላ የሚሰጠውን ብር ለልምምድ ብታውሉት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ፈተናው በአብዛኛው አይቀርም። የእኛ ልጆች የሚወድቁትም መንዳት ስለማይችሉ አይደለም፣ የጠጠር መንገድ ልማድ ስላለባቸው ነው። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ያንሸራትታል ብሎ የኋላውን ብቻ የለመደ እግር አስፋልት ላይ ድንገት ቁም ሲባል የኋላ ጎማውን ይቆልፋል፣ ሞተሩም ወደ ጎን ይሄዳል። በእንግሊዙ ፈተና ይህ የሚደረገው ቢያንስ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ በአንዴ ሳይጨበጥ፣ ክብደቱ ወደ ፊት እየመጣ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጨበጣል። ቀጥሎ የሚጥለው በዝግታ መዞር ነው፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ፣ ጋዙን ሳያቋርጡ፣ የኋላ ፍሬኑን በእግር በስሱ ረግጦ፣ ዓይንን መውጫው ላይ ተክሎ ካልተዞረ እግር መሬት ይነካል። ፍሬቻ ካሳዩ በኋላ ስፖኪዮ ማየት ብቻም አይበቃም፤ ፈታኞቹ አንገትን በትከሻ በኩል ማዞር ይፈልጋሉ፤ ይህን ያልለመደ ሰው ቀጥ አድርጎ እየነዳም ፈተናውን ይወድቃል።

ካርዱን ገዝቶ በድብቅ መንዳት ደግሞ የባሰ ነው። ግጭት የደረሰ ቀን ኢንሹራንስ መጀመሪያ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃዱን ነው፤ ለሞተሩ የሚያበቃ ፈቃድ ከሌለ ካሳው በራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ መልእክቱን ከነቁጥሩ፣ የተጻጻፋችሁትንም ሳታጠፉ አስቀምጡና ለፖሊስ አመልክቱ። «የቀረውን ጨምሩና ካርዱ ይለቀቃል» ቢላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ። ዋናው መንጃ ፈቃዳችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ እጁ ላይ ካለ ከገንዘቡ በፊት እሱን አስመልሱ።