ኢቫንስተን ወይስ ሮጀርስ ፓርክ? ሐይቁ ዳር ቤት ለምትገዙ

ቺካጎ አካባቢ ሆናችሁ ሐይቅ ያለበት፣ ዩኒቨርሲቲ ያለበት፣ ባቡር ያለበት ሰፈር ከፈለጋችሁ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ላይ ነው የሚያርፈው፣ ኢቫንስተንና ሮጀርስ ፓርክ። ጎረቤት ናቸው፣ ሃዋርድ ስትሪትን ተሻገራችሁ ማለት ከአንዱ ወጥታችሁ ሌላው ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ግን ኢቫንስተን ራሱን የቻለ ከተማ ነው፣ ሮጀርስ ፓርክ ደግሞ ከ1893 ጀምሮ የቺካጎ አካል ነው፣ እና ይቺ አንድ መስመር ናት ታክሱንም ትምህርት ቤቱንም የባቡሩንም ነገር የምትለያየው። ሰው ሁለቱን ሲያወዳድር የሚያየው የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ነው። እኔ የምለው ዋጋውን ለጊዜው ተዉትና በወር ጠቅላላ ምን ያህል ነው የሚወጣኝ ብላችሁ አስሉ፣ ከዛ ያ ብር የሚያስገኘውን ነገር በእርግጥ እጠቀምበታለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከታክሱ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዛ ላይ ነው። ሁለቱም ኩክ ካውንቲ ውስጥ ስለሆኑ አሰራሩ አንድ ነው፣ አሴሰሩ (የካውንቲው ንብረት ገማች) መኖሪያ ቤትን በገበያ ዋጋው 10 ፐርሰንት ይይዘዋል፣ ያ በስቴቱ ማስተካከያ ይባዛል፣ ከዛ ትምህርት ቤቱም ከተማውም ላይብረሪውም ፓርኩም የሚጥሉት የታክስ ሬት (ፐርሰንት) ይመጣበታል። ልዩነቱ ሬቱ ላይ ነው፣ የኢቫንስተን ከቺካጎው ይበልጣል፣ ስለዚህ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤት ብታገኙ የኢቫንስተኑ ኤስክሮ (ባንኩ ለታክሱ በየወሩ የሚሰበስበው) ነው የሚከብዳችሁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ኖርዝዌስተርን በ1851 ነው የተመሰረተው፣ ከተማው በዙሪያው ነው ያደገው፣ እና በ1855 ቻርተሩ ላይ በተጨመረ አንቀጽ ንብረቱ ከፕሮፐርቲ ታክስ ነፃ ሆነ፣ እስካሁንም እንደዛው ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ያ ሁሉ መሬት አይከፈልበትም፣ ሸክሙ ወደ ቤትና ወደ ሱቅ ባለቤቱ ይዞራል። ሮጀርስ ፓርክ ያለው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲም ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው ግን ቺካጎ ሰፊ ስለሆነች ክብደቱ ተበታትኖ ያን ያህል አይታወቅም።

እዚህ ላይ በጣም የምትጠነቀቁበት ነገር አለ። ሊስቲንግ ላይ የምታዩት የታክስ ቁጥር የሻጩ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ሻጩ ሽማግሌ ከሆነና ሲኒየር ፍሪዝ (ለሽማግሌ ባለቤት የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) ካለው ቢሉ በጣም ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ቤቱ ወደ እናንተ ሲዞር ግን ያ ቅናሽ ይጠፋል። ካውንቲው ዌብሳይት ላይ በፒን ቁጥሩ (የቤቱ መለያ ቁጥር) ገብታችሁ የትኞቹ ኤግዘምፕሽኖች (የታክስ ቅናሾች) እንዳሉበት እዩ፣ ከነሱ ውጪ ያለውን አስሉ፣ ስትገቡ ደግሞ የራሳችሁን ሆምኦውነር ኤግዘምፕሽን አመልክቱ። ድጋሚ ግምቱ በየ3 ዓመቱ ነው፣ የቺካጎው በ2024 ነበር፣ የሰሜን ሰበርቦቹ ደግሞ በ2025፣ ስለዚህ ቀጣዩ ለሮጀርስ ፓርክ 2027 ለኢቫንስተን 2028 ነው የሚሆነው። በሌላ በኩል ቺካጎ ውስጥ ስትገዙ ክሎዚንግ ላይ (ቤቱ በፊርማ ሲዞርላችሁ) ገዢው የሚከፍለው የትራንስፈር ታክስ (የዝውውር ታክስ) አለ፣ ከ1,000 ዶላር 7.50፣ ማለትም የ300,000 ዶላር ኮንዶ ከሆነ 2,250 ዶላር ጥሬ ብር። ኢቫንስተን የከተማውን ትራንስፈር ታክስ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ዳውን ፔይመንት አጠራቅሞ ጫፍ ላይ ለደረሰ ሰው ይሄ ትንሽ ብር አይደለም።

ወደ ሐይቁ እንምጣ፣ ሁሉም የሚመጣው ለሱ ስለሆነ። ሚሺጋን ሐይቅ ሁለቱም ጋ አለ ግን አኗኗሩ ይለያያል። ቺካጎ ውስጥ ሐይቁን ከሰፈሩ የሚለየው ሌክ ሾር ድራይቭ ሆሊውድ ጋ ስለሚያልቅ ሮጀርስ ፓርክ ሲደርስ መሀል ላይ ሃይዌይ የሚባል ነገር የለም፣ መንገዶቹ ቀጥ ብለው ወርደው አሸዋው ላይ ያልቃሉ፣ ከቤታችሁ በነጠላ ጫማ ወጥታችሁ ሐይቁ ውስጥ ናችሁ። ቢቾቹም ለማንም ነፃ ናቸው። ኢቫንስተን ደግሞ የሐይቁ ዳር ብዙው ክፍል ተከታታይ ፓርክ ነው፣ ሰፊ ሳር፣ ትልልቅ ዛፍ፣ የእግርና የሳይክል መንገድ፣ ከዛ ካምፓሱ ይጀምራል፣ በ1960ዎቹ ሐይቁን ሞልተው የሰሩት የካምፓሱ ክፍል ላይ ማንም ሰው መሄድ ይችላል፣ የቺካጎ ዳውንታውን ህንጻዎች ከዛ ሆነው ሲታዩ በጣም ነው የሚያምሩት። ወደ ሰሜን ስትሄዱ በ1873 የተሰራው የግሮስ ፖይንት የመብራት ማማ አለ። ቢቹ ለኢቫንስተን ነዋሪ ነፃ ነው።

ግን ሐይቅ ዳር መኖር ፎቶ ላይ እንደሚታየው ብቻ አይደለም። ግንቦት ላይ ወደ ምዕራብ ትንሽ ራቅ ያሉት ሰፈሮች በቲሸርት ሲሄዱ እናንተ ጃኬት ለብሳችሁ ነው የምትወጡት፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ አየሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ለመዋኘት ደግሞ እስከ ሐምሌ ድረስ አይሞቅም። ክረምት ላይ ንፋሱ ከባድ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የውሃው ከፍታ አንድ ቦታ አይቆምም፣ በ2013 መጀመሪያ በታሪኩ ዝቅተኛው ላይ ነበር፣ በ2020 ደግሞ ከዛ ወደ 6 ጫማ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር፣ ያን ዓመት ጥር ላይ የመጣው ማዕበል ሮጀርስ ፓርክ ያሉትን ትንንሽ ቢቾች በላቸው፣ ድንጋይ ነው የተደረደረበት። ስለዚህ ውሃው ላይ የቆመ ህንጻ ውስጥ ኮንዶ የምትገዙ ከሆነ የመከላከያ ግድግዳው የማን ነው፣ መቼ ታደሰ፣ ለቀጣዩ ብር ተቀምጧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በበኩሌ ለቪው ተጨማሪ ብር አትክፈሉ እላለሁ። 10 ደቂቃ በእግር ወይ 5 ደቂቃ በሳይክል ርቆ ያለ ቤት ያንኑ ሐይቅ ነው የሚሰጣችሁ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ባቡር ላይ ሮጀርስ ፓርክ ያሸንፋል፣ በተለይ ማታ ሺፍት ለምትሰሩ። ሬድ ላይን 24 ሰዓት ነው የሚሰራው፣ ጃርቪስ፣ ሞርስ፣ ሎዮላ እያለ ቀጥታ ዳውንታውን ያስገባችኋል። ብሮድዌይ ላይ ኤጅዋተር ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶችም በዛው መስመር ቅርብ ናቸው። ኢቫንስተን ያለው ፐርፕል ላይን ነው፣ ኤክስፕረሱ ወደ ዳውንታውን የሚገባው በስራ ቀን በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሃዋርድ ወርዳችሁ ወደ ሬድ ትቀይራላችሁ፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰራም። በምትኩ ኢቫንስተን ሜትራ የሚባለው የሰበርብ ባቡር አለው፣ ከዴቪስ ስትሪት ተነስቶ ዳውንታውን ያለው ኦግልቪ ጣቢያ ለመድረስ ፈጣን ነው፣ ቢሯችሁ በዛ በኩል ከሆነ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ሜትራ ሮጀርስ ፓርክም ይቆማል።

ተማሪ ይረብሻል ወይ የሚለውን ሁሌም ይጠይቁኛል። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ተማሪዎቻቸውን ካምፓስ ውስጥ ነው የሚያኖሩት፣ ስለዚህ ውጪ የሚከራየው ከ3ኛ ዓመት በላይ ያለውና ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማረው ነው። ኢቫንስተን እስከ 1972 ድረስ መጠጥ የማይሸጥበት ከተማ ስለነበር የመጠጥ ቤት ጎዳና የሚባል ነገር አላደገበትም፣ ጩኸቱ ያለው ከካምፓሱ በስተምዕራብ ኖይስና ፎስተር ስቴሽን አካባቢ ባሉ የግል ቤቶች ነው፣ እሱም በተወሰኑ ብሎኮች። ሴንትራል ስትሪት አካባቢ የምታዩ ከሆነ ግን ስቴዲየሙን አስቡት፣ አሮጌው በ2024 ፈርሶ ቦታው 35,000 ሰው ለሚይዝ አዲስ ስቴዲየም ነው የተሰጠው፣ ካውንስሉ ደግሞ በ2023 በዓመት እስከ 6 ትልልቅ ኮንሰርት ፈቅዷል። የጨዋታ ቀን መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው። ሮጀርስ ፓርክ ላይ የተማሪው ነገር ሎዮላ ስቴሽን ዙሪያ ነው፣ ከዛ ስትርቁ የሚሰማችሁ የከተማ ድምፅ ነው፣ ባቡሩ፣ አምቡላንሱ፣ እና ብሎክ በብሎክ በጣም ስለሚለያይ በተለይ ሃዋርድ አካባቢ አርብ ማታ ሄዳችሁ በእግር ዙሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሾዊንግ ላይ የምታዩት ሌላ ነው።

ልጅ ላላችሁ ነገሩ ይቀየራል። ኢቫንስተን ውስጥ የትም ብትገዙ ልጃችሁ ሃይስኩል የሚገባው አንድ ቦታ ነው፣ ኢቫንስተን ታውንሺፕ፣ ሀብታሙም ደሃውም አንድ በር ነው የሚገባው፣ ትምህርቱ ሰፊ ነው፣ ለዚህ እኔ ትልቅ ዋጋ ነው የምሰጠው። ታችኛው ክፍል ግን ሌላ ዲስትሪክት ነው፣ 65 የሚባለው፣ የበጀት ችግር ገጥሞት ትምህርት ቤት ወደ መዝጋት ገብቷል፣ ስለዚህ ለዚች ትምህርት ቤት ብዬ ነው የምገዛው ከማለታችሁ በፊት የዚያችን ትምህርት ቤት እጣ አጣሩ። ሮጀርስ ፓርክ የቺካጎ ፐብሊክ ስኩልስ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ሱሊቫን ሃይስኩል ከብዙ አገር የመጡ ስደተኛ ልጆችን በመቀበል የታወቀ ነው፣ ለአዲስ መጪ ልጅ ጥሩ ማረፊያ ነው፣ ፈተና አልፎ የሚገባበት የሌላ ሰፈር ትምህርት ቤትም አለ ግን ዋስትና የለውም። ልጆቻችሁ ትንንሽ ሆነው ረጅም ዓመት የምትቀመጡ ከሆነ የኢቫንስተንን ታክስ ብትከፍሉ አይቆጫችሁም። ልጅ ከሌላችሁ ወይ አድገው ከወጡ ግን የማትጠቀሙበትን ነገር ለምን ትከፍላላችሁ?

ከኢቫንስተን በስተሰሜን ያለውን ዊልሜትን የሚሏችሁ ይኖራሉ፣ ቆንጆ ነው፣ ሐይቁም ባቡሩም አለ ግን ዩኒቨርሲቲ የለውም ዋጋውም ሌላ ደረጃ ነው። ሌላው ጎረቤት ስኮኪ ደግሞ ሐይቅ የለውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛና ገቢው መካከለኛ የሆነ ሰው ከሆነ ግን እኔ ሮጀርስ ፓርክ ቱ ፍላት (በየፎቁ አንድ አንድ አፓርታማ ያለው ባለ ሁለት ቤት ህንጻ) ፈልግ ነው የምለው። ራሳችሁ አንዱ ፎቅ ላይ ስለምትኖሩ በኤፍኤችኤ (መንግስት ዋስ በሚሆንበት ብድር) 3.5 ፐርሰንት ዳውን መግባት ይቻላል፣ ሌላውን ፎቅ ታከራያላችሁ፣ ሎዮላ ትምህርት የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ክፍት ቤት በበጋው ማስታወቂያ ብታወጡ ተከራይ ይገኛል። ኖርዝዌስተርን በኳርተር ነው የሚያስተምረው፣ የሚጀምሩት መስከረም ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ኢቫንስተን የምታከራዩ ከሆነ በሱ ተራመዱ።

ሁለቱም ጋ ቤቱ አሮጌ ነው፣ ብዙው የዛሬ መቶ ዓመት አካባቢ የተሰራ። መደበኛው ኢንስፔክሽን ላይ ሲወር ስኮፕ (የፍሳሽ ቧንቧውን በካሜራ ማየት) ጨምሩ፣ ቤዝመንቱ ውሃ ገብቶበት ያውቃል ወይ ብላችሁ ሻጩንም ጎረቤቱንም ጠይቁ፣ ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ሌድ (እርሳስ) መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ሁለቱም ከተሞች ብዙ አላቸው። ኮንዶ ከሆነ ደግሞ ህጉ ራሱ መብት ሰጥቷችኋል፣ 22.1 የሚባለውን የማህበሩን ሁኔታ የሚያሳይ ዶክመንት ከማህበሩ አስመጡ፣ ሪዘርቭ (የተቀመጠ ብር) ስንት እንዳለና ስፔሻል አሰስመንት (ባለቤቶቹ ላይ የሚጣል ተጨማሪ መዋጮ) እየመጣ እንደሆነ እዛ ላይ ነው የሚታየው፣ የጡቡ ታክፖይንቲንግ (በጡቦቹ መሀል ያለውን ማያያዣ ማደስ)ና የኋላው የእንጨት ፖርች ናቸው ድንገት ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስወጡት። ይሄን ሁሉ አተርኒ ሪቪው (ጠበቃችሁ ውሉን የሚያይበት) ጊዜው ሳያልፍ አድርጉት፣ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ 5 የስራ ቀን ብቻ ነው። ታክሱ በአንድ ዓመት ዘግይቶ ስለሚከፈል ደግሞ ሻጩ ለኖረበት ጊዜ ክሎዚንግ ላይ ክሬዲት ሊሰጣችሁ ይገባል፣ ጠበቃችሁ ካለፈው ቢል በስንት ፐርሰንት እንደተደራደረ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት።